ንብረት አይቷል ወይ?

ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ አገሩ ወደ ፈጣም ወንዝ ማዘቅዘቅ ሲጀምር፣ ዋንዛ ጊዮርጊስ የሚባል ደብር አለ። በዚያ ደብር ንብረት ደረሰ የሚባል ገበሬ ይኖር ነበር። ሀብታም አይባልም፤ ጦሙን የሚያድርም አልነበረም። ጥንድ በሬ፣ አንዲት ላም፣ ለጎረቤት የማያሳፍር ማሳ ነበረው፤ ቻይነሽ የምትባል ምላሷ የተሳለ ሚስትም ነበረችው። አገሬው የሚያውቀው ግን በእርሻው አልነበረም። በአፉ ነበር፤ ያውም በተናገረው ሳይሆን አልናገርም ባለው።

ንብረት ያላየውን አይናገርም። ይህን ስል ሐሜት አይወድም ማለቴ አይደለም፤ ሐሜት አልወድም የሚልማ በየመንደሩ ሞልቷል። የንብረት ከዚህ ያልፋል። ማዶ ዘነበ ወይ ሲሉት “ማዶ ሄጄ አላየሁም” ይላል። ዕድሜውን ሲጠይቁት “ስወለድ ቆሜ አላየሁም፤ እናቴን ጠይቁ” ብሏል ይባላል። ቻይነሽ የመጀመሪያ ልጃቸውን ባረገዘች ጊዜ “እሳቸውማ ልጁ ወጥቶ ካላለቀሰ አባት ነኝ አይሉም” ብላ የሰፈሩን ሴቶች ማሳቋ ለብዙ ጊዜ ሲወራ ኖረ።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ለሙግት ግን እንደ ንብረት ያለ ሰው አይገኝም ነበር። ሁለት ሰዎች በወሰን ወይም በከብት ተጣልተው ከደብሩ ደጃፍ፣ ከዋርካው ሥር ሲቆሙ፣ ዳኛው ሌላውን ከመስማቱ በፊት “ንብረት አይቷል ወይ?” ይላል። አይቷል ከተባለ ሙግቱ አለቀ ማለት ነው። አላየም ከተባለ ተሟጋቾቹ ሌላ ምስክር ፍለጋ ይበተናሉ።

ይህ ጠባይ ከሰማይ አልወረደለትም። ገና ጉርምስና ሳይጀምረው አባቱ ደረሰ የአንድ ባላባት በቅሎ ሰረቅህ ተብለው ተከሰሱ። የመሰከረባቸው ሰው በቅሎዋን ሲነዱ አላየም፤ አየሁ ካለ ሰው ሰማሁ አለ። ያ “ሰማሁ” በቃ። ደረሰ በሕዝብ ፊት ተገረፉ፤ ጥማድ በሬያቸውንም ለካሳ ሰጡ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በቅሎዋ አገው ምድር ከአንድ ገበሬ ደጅ ስትግጥ ተገኘች፤ ለካ በገዛ እግሯ ሄዳ ኖሯል። በቅሎዋ ተመለሰች፤ የተገረፈ ጀርባ ግን አይመለስም። ያንን ጀርባ በቅቤ ሲያሽ የከረመው ንብረት ነው። ከዚያ ወዲያ “ሰማሁ” የሚል ሰው ሲያጋጥመው ፊቱ ይጠቁራል። ሰው ሕግ የሚያወጣው ከቆሰለበት ቦታ ነው፤ ንብረትም ከአባቱ ጀርባ ላይ ሕጉን አወጣ። ሕጉም ለብዙ ዓመት አላሳፈረውም።

ጣሊያን ቡሬ ገብቶ ምሽግ ሲሠራ አገሩ በወሬ ተሞላ። እዚህ ቤት አቃጠሉ፣ እዚያ ቄስ ገደሉ ይባላል። ንብረት አዳምጦ ሲያበቃ “አይተሃል?” ይላል፤ ተናጋሪው ከእገሌ ሰማሁ ካለ ፊቱን ወደ ማሳው ያዞራል። ጣሊያንን ይወድ ነበር ማለት አይደለም። አገሩን የቀማውን ማን ይወዳል? ለሱ ግን መጥላት አንድ ነገር ነው፣ መመስከር ሌላ።

የቻይነሽ ታናሽ ወንድም ክንዱ ወሬ እስኪጣራ አልጠበቀም። ጠመንጃ ያለህ አስረክብ የሚል ዐዋጅ ሲወጣ የአባቱን ምንሽር ይዞ ፈጣም ገደል ገባ። ሚስቱ ሀብትነሽ መንደር ቀረች። ንብረት አልነቀፈውም። ቻይነሽ ለወንድሟ ስንቅ ስትቋጥርም እያየ እንዳላየ ያልፍ ነበር። ያ ሰው አይቶ እንዳላየ የሆነበት ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው።

ነገሩ ሁሉ የተለወጠው በቦራ ነው። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ቀንበር የማይከብደው የንብረት በሬ ነበር። በ1930 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ መሬቱን አርሶ ሰው ሁሉ ለእርሻ ሲሯሯጥ፣ አንድ ባንዳ ቦራን ከሜዳ ነድቶ ወደ ምሽጉ ወሰደው። ለወታደር እርድ ነው ተባለ። ጎረቤቶቹ “ተወው፣ ነፍስህን አትርፍ፣ በሬ ይተካል” አሉት። በሰኔ በሬ የሚተካ ሰው ካለ እኔም ባየሁት።

ንብረት ሸማውን አደግድጎ ቡሬ ወጣ። ከምሽጉ በር ቆሞ፣ ለአገሩ ዳኛ እንደሚጮኸው፣ “አቤት! አቤት! በሬዬን!” እያለ ጮኸ። ዘበኞቹ ሊያባርሩት ሲሉ ጠጉሩ የሸበተ ካፒቴን አንድ እግሩን እየጎተተ ወጣ። ቱርጁማን አስጠርቶ አቤቱታውን ሰማ። ባንዳውን አስቀረበ። ቦራ ገና አልታረደም፤ ከአጥሩ ጀርባ ታስሮ ነበር። ካፒቴኑ ገመዱን ፈትቶ በንብረት እጅ አስያዘው፤ ባንዳውንም እዚያው ፊቱ አስገረፈው። ቱርጁማኑ “ቃሌ ቃል ነው፤ እኔ ባለሁበት ተበድሎ የሚያድር የለም ይልሃል” አለው።

ባንዳው ሲገረፍ ንብረት ጀርባውን አየ። የአባቱን ጀርባ አስታወሰ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያውም ከባዕድ፣ አይቶ ጠይቆ ጥፋተኛውን ብቻ የገረፈ ዳኛ አገኘ። ቦራን እየነዳ በቡሬ ገበያ መሀል ሲያልፍ እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር፤ አላበሰውም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጣሊያን ወሬ በተነሣ ቁጥር ንብረት ሰውን ሁሉ አስጨርሶ “እኔ ያየሁት ግን ይህን ነው” ይላል። ይህንኑ ይተርካል፤ አንድ ቃል አይጨምርበትም፣ አንድ ቃል አይቀንስም። የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ዋሾ ቢሆን ኖሮ ማን ይሰማው ነበር?

በዚያው ደብር ቸኮለ የሚባል ሌላ ገበሬ ነበር። ጣሊያን ቤቱን ከነጎተራው አቃጥሎበታል። ቸኮለ ጭስ ባየ ቁጥር “መጡ!” ይላል፤ ጎረቤት የማሳውን ገለባ ሲያቃጥልም “መጡ!” ብሎ መንደሩን አስደንግጦ ያውቃል። ንብረትና ቸኮለ በአንድ ሰንበቴ ይጠጣሉ፣ ከአንድ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ በጣሊያን ነገር ግን ጨርሶ አይግባቡም። ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ ቤቱን አይቷል፣ አንዱ በሬውን አይቷል። ቦራ ግን አንድ በሬ ነው፤ ጣሊያንም አንድ ካፒቴን ብቻ አልነበረም።

በ1932 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ በቡሬ ገበያ ነጋሪት ተጎሰመ። “የሸፈትህ ግባ! ጠመንጃህን አስረክብ! ምሕረት ተደርጎልሃል፤ እርሻህን እረስ፣ ልጅህን አሳድግ!” ተባለ። ክንዱ በዚያ ጊዜ በገደሉ ወባ ከስቶ መንምኖ ነበር። ተደብቆ ቤቱ ብቅ ባለበት ጊዜ የተፀነሰ ልጅ ተወልዷል፤ ሀብትነሽ አራስ ናት፤ ክንዱ ልጁ ወንድ መሆኑን ከመስማት በቀር ዓይኑን አላየውም።

ንብረት ጤፉን የሚወቃበት ቀን ደርሶ ደቦ ጠርቶ ነበር። በደቦ መሀል አንድ ሰው ቢጨመር ማን ይቆጥረዋል? ክንዱ ፊቱን በሸማ ሸፍኖ መንሽ ይዞ ከወንዶቹ ጋር ተቀላቀለ። ቦራና ጓደኛው አውድማው ላይ እየዞሩ ጤፉን ያበራያሉ። ሰዎቹ ለምሳ ከዛፉ ጥላ ሲያርፉ ክንዱ ንብረትን ወደ ገለባው ክምር ወሰደው። ከክምሩ ሥር ለለቀማ የመጡ አንዲት መነኩሲት፣ እማሆይ እህተ ማርያም፣ ከረጢታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከአውድማ ለመነኩሴ መስጠት የአገሩ ደንብ ስለሆነ ማንም አላስነሣቸውም።

“አያ ንብረት” አለ ክንዱ መንሹን ተደግፎ። “ነጋሪቱን ሰምተዋል።”

“ሰምቻለሁ። እሱንስ በገዛ ጆሮዬ ነው።”

“ዱር ያለው ሰው ሁሉ ይመክረኛል። ግማሹ ግባ ይላል፤ ግማሹ ይሰቅሉሃል ይላል። አየሁ የሚል ግን አንድም የለ። ለዚያ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁ። እርስዎ ግባ ካሉኝ እገባለሁ፤ ቅር ካሉኝ ወደ ገደሌ እመለሳለሁ። ብቻ ደከመኝ፤ ልጄንም ገና አላቀፍሁት።”

ንብረት ዋርካው ሥር ዳኛ ፊት እንደሚቆመው ቆመ፤ ሸማውንም አስተካከለ።

“እኔ ግባ አልልህም፤ ቅርም አልልህም። ያየሁትን እመሰክርልሃለሁ፤ ፍርዱ ያንተ ነው” አለና የቦራን ነገር ከአቤቱታው እስከ ግርፋቱ ነገረው።

ክንዱ ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምቶታል፤ ግን ልክ እንደ አዲስ አዳመጠው። ሰው ሊሰማው የሚፈልገውን ነገር ስንት ጊዜ ቢነግሩት አይሰለቸውም።

“ቃላቸውን ሲያፈርሱስ አይተዋል?”

“አላየሁም።”

እማሆይ እህተ ማርያም ከተቀመጡበት ቀና አሉ። “ልጄ፣ አትግባ” አሉ። “ወደዚህ ስመጣ በደምበጫ በኩል ነው ያለፍሁ። አንድ መንደር ስደርስ ሴቱ ሁሉ ደረት ይመታል። የገቡትን ወንዶች በመኪና ጭነው ወሰዷቸው፣ አልተመለሱም አሉኝ።”

“እማሆይ፣ ሲገደሉ አይተዋል?” አለ ንብረት በአክብሮት።

“አላየሁም። ጩኸቱን ሰማሁ።”

“ሬሳስ አይተዋል?”

“ሬሳ ቢያገኙማ ቀብረው ባረፉ። ሬሳ አጥተው አይደለም የሚጮኹ?”

“ጩኸት ምስክር አይሆንም፣ እማሆይ። አይቆጡኝና፣ ብዙ መከራ አይተዋል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖብዎት ነው።”

“ልጥ በሆነልኝና በሳቃችሁብኝ” አሉ እማሆይ፤ ከረጢታቸውንም ማሰር ጀመሩ።

በዚህ መሀል ቻይነሽ የደቦውን ምሳ አቅርባ፣ ለወንድሟ ደግሞ ለብቻው ይዛ ደርሳ ነበር። የሚባለውን ሁሉ ሰምታለች። ወደ ባሏ አልዞረችም፤ ወደ አውድማው ዞራ ቦራን “በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!” አለችው። ነገሩ ለበሬው እንዳልሆነ ከጥላው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ገባው። ንብረትም ገባው፤ ተቆጣ። ባል ሆኖ አልተቆጣም፤ ምስክርነቱ የተነካበት ሰው ሆኖ ነው የተቆጣው።

“እኔ የማላውቀውን አልተናገርሁም” አላት።

“ማን አላወቁም አለዎት?” አለች ቻይነሽ። “የሚያውቁት አነሰኝ እንጂ።”

ክንዱ ምሳውን ሳይጨርስ እጁን ታጠበና “እገባለሁ” አለ።

በማግስቱ ንብረት ራሱ ይዞት ቡሬ ወጣ። ይህም ደንብ ነው፤ ሰውን ወደ ዳኛ የሚያቀርብ ዘመድ በመንገድ አይለየውም። ከምሽጉ በር ሲደርሱ ንብረት እግሩን የሚጎትተውን ካፒቴን ጠየቀ። ቱርጁማኑ “እሱማ ወደ አገሩ ገባ፤ አሁን ሌላ ነው” አለው። ንብረት የመሰከረለት ሰው እዚያ የለም። ለመመለስ ጊዜው ያ ነበር፤ ነገር ግን አዲሱ ሹም፣ ገና ጢሙ በደንብ ያልወጣ ወጣት፣ እየሳቀ ወጣ። ክንዱን በወንበር አስቀመጠው። ምንሽሩን ተቀብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሲጋራ ሰጠው፣ አዲስ አቡጀዴም አስመጣለት። ክንዱ ሲጋራ አያውቅም ነበርና ቢያስለው ሁሉም ሳቁ፤ ንብረትም ሳቀ። ለጥቂት ቀን ቃሉን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል ተባለ። ንብረት ይህን ሁሉ በዓይኑ አየ፤ አይቶም አመነ፤ አምኖም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ቀኑ አልፎ ክንዱ ሳይመለስ ሲቀር፣ ሀብትነሽ ልጇን አዝላ፣ ምግብ ይዛ ወደ ምሽጉ ሄደች። “ለጥያቄ ወደ ደምበጫ ተወስዷል” ብለው መለሷት። እንደገና ሄደች፤ ያንኑ አሏት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትሄድ ቱርጁማኑ ዓይኗን ማየት አቃተው። ምግቡን አልተቀበላትም፤ “አንቺው ብዪው” አላት።

ንብረት መንገድ ወጣ። ከቡሬ ጀምሮ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በሚባለው በኩል አልፎ፣ ወደ ደምበጫ በመኪናው መንገድ ዳር ዳር እየሄደ ጠየቀ። መኪና ሲያልፍ አይተናል የሚሉ ነበሩ፤ ማን እንደተጫነ ግን ያየ የለም። ደምበጫ ሳይደርስ፣ ከአንድ ድልድይ አጠገብ ቤቷ የሆነ አንዲት ሴትዮ እንጨት ስትለቅም አገኘ። ሴትዮዋ ለመናገር አመነታች።

“አላየሁም” አለች። “ውሸት አልናገርም፤ አላየሁም። በዚያን ሰሞን ጎሕ ሲቀድ መኪና ቆሞ ሰማሁ። ቀጥሎ ተኩስ ሰማሁ። ጥቂት ነው፤ እንደ ጦርነት አይደለም። መኪናው ሄደ። ከዚያ ወዲያ ውሾቹ ከወንዙ አልጠፋ አሉ።”

ንብረት ዕድሜውን ሙሉ ሲጠይቅ የኖረውን ጥያቄ አልጠየቃትም። “ወንዙ የቱ ጋ ነው?” ብቻ አላት። አሳየችው፤ ወርዶ ፈለገ። የድሮ ጎርፍ ያመጣው ጭራሮና ድንጋይ ነበር። ከዚያ ሌላ ያየው ነገር የለም። ከድንጋዩ ላይ ተቀምጦ እስኪበቃው አለቀሰ።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ቻይነሽ ደጃፍ ቆማ ጠበቀችው። ምን አገኙ ብላ አልጠየቀችውም፤ ከአረማመዱ አውቃዋለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ለወንድሟ አለቀሰች። ባሏን አልሰደበችውም፤ ምግቡን አልከለከለችውም፤ ቤቱም አልፈረሰም። አንድ ነገር ብቻ ተወች። ከዚያ ቀን በፊት ለከብቶቹ አሞሌ የምታስልሰው እሷ ነበረች። ላሟን ታስልሳለች፣ ሌላውን በሬ ታስልሳለች፤ ቦራ አንገቱን ሲያሰግግላት እጇን ትሰበስባለች። “ያንን እርስዎ ያብሉት” አለችው አንድ ቀን። ንብረት ያበላው ጀመር። ያርስበትም ነበር፤ ገበሬ በሬ ጠልቶ የት ይደርሳል? ግን ሲያርስ እንደ ወትሮው ቦራ ብሎ ጠርቶት አያውቅም።

ሀብትነሽ ደግሞ ንብረትን ማነጋገር ተወች። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲገናኙ ልጇን ወደ ሌላው ጎኗ አዙራ ታልፋለች።

በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ጣሊያን ቡሬን ለቆ በደምበጫ በኩል ሸሸ። ከየዱሩ አርበኛው ገባ። ተግዞ የነበረውም ቀስ በቀስ ከየአገሩ ተመለሰ። ሰው በመጣ ቁጥር ሀብትነሽ ከመንገድ ዳር ትቆማለች። ክንዱ አልመጣም። በዓመቱ የክንዱ የአጎት ልጅ ዘሩ የክንዱን ርስት ገብቶ አረሰ። ሀብትነሽ ለልጇ ብትከራከር ዘሩ መልሱ አጭር ነበር። “ክንዱ ሞተ ያለ ማነው? ሰውየው በሕይወት እያለ ልጁ አይወርሰውም። እስኪመጣ እጠብቅለታለሁ፤ ሲመጣ አስረክባለሁ።” ተንኮሉ ደንብ የለበሰ ነው። ክንዱ ሞተ ካልተባለ ልጁ ርስት የለው፤ ክንዱም ተዝካር የለው። ሀብትነሽ እንዳታለቅስ ሚስት፣ እንዳትጠብቅ መበለት ሆና ቀረች።

ነገሩ ዋርካው ሥር ቀረበ። የዚያን ዓመት የአጥቢያው ዳኛ፣ ያ ቤቱ የተቃጠለበት ቸኮለ ነበር።

“ክንዱ ለመሞቱ ምስክርሽ ማነው?” አላት።

“አያ ንብረት” አለች ሀብትነሽ።

ሰው አጉረመረመ። ከክንዱ መሄድ ወዲህ ስሙን በአፏ ስትጠራ የሰማት አልነበረም። ዘሩ ግን ፊቱ በራ። “እኔም እሳቸውን ምስክሬ አድርጌያለሁ። አያ ንብረት ይናገሩ፤ የተናገሩትን ይግባኝ አልልበትም” አለ። የአገሩ ልጅ ነውና የንብረትን ሕግ ጠንቅቆ ያውቃል።

ንብረት ከሰው መሀል ተነሣ። ሸብቷል፤ ትከሻው ወርዷል። ቄሱ መስቀሉን አቀረቡለት፤ ተሳልሞ ማለ።

“አያ ንብረት” አለ ቸኮለ። “ክንዱ ሲሞት አይተዋል?”

“አላየሁም።”

“ሬሳውንስ?”

“አላየሁም።”

ዘሩ ጭብጨባ ቀረሽ ደስታ ተደሰተ። “በቃ! አለቀ!”

“ምስክርነቴን አልጨረስሁም” አለ ንብረት። ድምፁ ጸጥ ያለ ነበር። “አላየሁም። ክንዱ ግን ሞቷል። እማሆይ እህተ ማርያም ጩኸት ሰማሁ ብለው አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ በምስክር ሕግ አፋቸውን አስያዝኋቸው። በደምበጫ መንገድ ያለች ሴት ተኩሱን ሰምታለች። ይህች ሀብትነሽ የቱርጁማኑን ፊት አይታለች። ክንዱ በሕይወት ቢኖር ልጁን ለማቀፍ በእንብርክኩም ቢሆን ይመጣ ነበር። ይህን ሁሉ ሰምቼ፣ አምኜ፣ በዚህ መስቀል እምላለሁ፤ ክንዱ ሞቷል።”

“ይህ የሰሚ ምስክር ነው!” አለ ዘሩ። “የሰሚ ምስክር እንደማይጸና ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም?”

“እኔ ነኝ” አለ ንብረት። “ያየ ብቻ ይመስክር ስል የኖርሁ እኔ ነኝ። ለክንዱም ያየሁትን መሰከርሁለት። ያየሁት እውነት ነበር፤ ዛሬም እምልበታለሁ። ግን ያየሁት በሬ ነው። በሬ አይቼ ሰው ላክሁ።”

ሀብትነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ እስከዚያ ቀን እያመቀች የኖረችውን ልቅሶ ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።

ሰው ሁሉ ቸኮለ ወዲያው ይፈርዳል ብሎ ጠብቆ ነበር። ቸኮለ ግን በትሩን መሬት ላይ አጋደመ። “እኔ ጣሊያን ቤቴን ሲያቃጥል ያየሁ ሰው ነኝ” አለ። “ጣሊያን ገደለ የሚል ነገር ሲመጣ ተናጋሪው አፉን ሳይዘጋ ነው የምፈርድ። ስለዚህ በዚህ ነገር ልቤን አላምነውም። ሽማግሎች፣ እናንተ ፍረዱ።”

ሽማግሎቹ ገለል ብለው መከሩ። ብዙም አልቆዩ። “ንብረት አላየሁም ብሎ ያስረታው ሰው ብዙ ነው” አሉ። “ሰማሁ ብሎ ሲምል ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ተቀብለነዋል፤ ክንዱ ሞቷል፣ ርስቱም የልጁ ነው።”

ከዚያ በኋላ ንብረት ምስክር ሆኖ ቆሞ አያውቅም። ሲጠሩት “ያየ ጥሩ፣ የሰማም ጥሩ፤ ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጣችሁ ስሙ፤ እኔን ግን ተዉኝ” ይላል። “ንብረት አይቷል ወይ?” የሚለውም ነገር ቀስ በቀስ ከዋርካው ሥር ጠፋ።

ለክንዱ ተዝካር ንብረት ቦራን ሰጠ። አርጅቶ ነበር፤ ግን ሥጋው አልጠፋም። በተዝካሩ ዕለት ጠዋት ንብረት በሬውን ሊያወጣ ወደ በረቱ ሲሄድ ቻይነሽ ቀድማው ገብታ አገኛት። በእጇ አሞሌ ይዛ፣ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቦራን ታስልስ ነበር። ንብረት በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ጨው አስልሳ ስትጨርስ ገመዱን ራሷ ፈታች፤ ሁለቱም ተያይዘው በሬውን ወደ ሀብትነሽ ቤት ነዱት።